ከስልክ መስመር እስከ ኮምፒዩተር ድራም፤ የ«ኢኳላይዘር»ና የ«ኮምፕሬሰር» ታሪክ ከአማርኛ ስያሜ አንጻር

በኮምፒዩተር የሚሠራ የድራም ድምፅ እንዴት እንደሚዋሐድ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «የድራሙን ከፍተኛ ድምፅ ቀንስ፤ ከዚያም ጭመቀው» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢገኝበት ማንም አንባቢ በሰዋስው በኩል ነቀፋ አያወጣለትም። ቃላቱ ሁሉ አማርኛ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከእንግሊዝኛው ቃል ትይዩ ሊቀመጡ የሚችሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ይህን መመሪያ ተከትሎ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የድራሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥሎም የተቀዳው ፋይል በኮምፒዩተሩ ውስጥ አነስተኛ ቦታ እንዲይዝ ያደርገዋል። የመመሪያው ደራሲ ከሁለቱ አንዱንም አላሰበም። ያሰበው የድራሙ ቀጭን ድምፅ እንዲቀንስ፣ ከዚያም በጠንካራውና በለስላሳው ምት መካከል ያለው ልዩነት እንዲጠብ ነበር።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ቃሉን ተርጕሟል፤ ሥራውን ግን አልተረጐመም። በድምፅ ሙያ ውስጥ ዋና ዋና የሆኑት ሁለት መሣሪያዎች፣ ኢኳላይዘርና ኮምፕሬሰር፣ ስማቸውን ያገኙት የሙዚቃ መቅጃ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በስልክ መስመር ላይ ነው። ስም በወጣላቸው ጊዜ ስሙ የሥራቸው ትክክለኛ መግለጫ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ተለውጧል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ተገልብጧል፤ ስሙ ግን በቦታው ቀርቷል። ስለዚህ ለእነዚህ ቃላት የአማርኛ አቻ የሚፈልግ ሰው መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት ታሪካቸውን ቢመረምር ይሻለዋል እንላለን።

በመጀመሪያ ኢኳላይዘርን እንመልከት። ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ሁሉም ክፍሉ እኩል አይደክምም። በፍጥነት የሚርገበገበው፣ ማለትም ድግግሞሹ የበዛው ክፍል፣ በዝግታ ከሚርገበገበው ይልቅ አብዝቶ ይደክማል። በዚህም ምክንያት በጥንቱ ስልክ ከሩቅ ከተማ የሚመጣው ድምፅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ድምፅ የታፈነ ነበር፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» ለመለየት ያስቸግር ነበር። ድምፁ ቅርፁ ሳይዛባ እንዲያልፍ መስመሩ ማሟላት የሚገባውን ሁኔታ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1887 በሒሳብ አሳየ። በኋላም የአሜሪካ የስልክ መሐንዲሶች ከሽቦ ጥቅል፣ ከካፓሲተርና ከሬዚስተር የተሠራ መረብ በመስመሩ ላይ ጨመሩ። ይህ መረብ መስመሩ ያላደከመውን የድምፅ ክፍል ሆን ብሎ ያደክመዋል። መስመሩ አንዱን፣ መረቡ ሌላውን ስለሚያደክሙ ሁሉም ክፍል በእኩል ደክሞ ይወጣና ማጉያው በአንድነት ያነሣዋል። የዚህ ዐይነቱ መረብ እንዴት እንደሚነደፍ ኦቶ ዞበል እ.ኤ.አ. በ1928 በቤል ሲስተም የቴክኒክ መጽሔት ላይ በሰፊው አቀረበ። በዚያው ዓመት «የማስተላለፊያ መለኪያ» ይባል የነበረው አሐድ ለስልክ ፈጣሪው ለአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መታሰቢያ «ዲሲቤል» ተብሎ ተሰየመ፤ የድምፅ ሙያ እስከ ዛሬ የሚለካው በዚሁ የስልክ ቤት መስፈሪያ ነው። እንግዲህ ኢኳላይዘር በዚያን ዘመን ቃል በቃል «እኩል አድራጊ» ነበር።

መሣሪያው ወደ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ወደ ፊልም ሥራና ወደ ሸክላ መቅጃ ክፍል በገባ ጊዜ ግን የጠፋ እኩልነትን መመለስ ዋና ተግባሩ መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ፐልቴክ ኢ.ኪው.ፒ. 1 የተባለው መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ አንዱን ወፍራም የድምፅ ክፍል በአንድ ቁልፍ ማንሣት፣ በሌላ ቁልፍ ደግሞ በዚያው ጊዜ መቀነስ ይቻላል። ለስልክ መሐንዲስ ይህ ትርጉም የለሽ ነው፤ ለሙዚቃ ባለሙያ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ የሚወጣው ድምፅ ለጆሮ ስለሚጥም ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጆርጅ ማሰንበርግ ባለሙያው የሚነካውን ድግግሞሽ፣ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን መጠንና የሚነካውን ክፍል ስፋት እያንዳንዱን ለየብቻ እንዲመርጥ የሚያስችለውን የኢኳላይዘር ዐይነት በጽሑፍ አስተዋወቀ። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ኢኳላይዘሮች የዚህ ልጆች ናቸው። ባለሙያው ለቤዝ ድራም ሲጠቀምበት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ሄርዝ ያለውን የድራሙን ሆድ ያነሣል፤ ከ300 እስከ 500 ሄርዝ አካባቢ ያለውንና ባዶ ካርቶን እንደመምታት የሚሰማውን ይቀንሳል፤ መምቻው ቆዳውን ሲነካ የሚሰማው ጠቅታ እንዲለይም ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ያለውን ጥቂት ይጨምራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኩል የሆነ ነገር የለም። እኩል አድራጊው አበላላጭ ሆኗል።

አማርኛ በዚህ ቃል ላይ ዕድለኛ ነው። «አስተካከለ» የሚለው ግሥ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንደኛው እኩል ማድረግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ማረም፣ ማበጀት፣ መልክ ማስያዝ ነው። ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ፀጉር ሁሉ እኩል አያደርግም፤ ከጎን ያሳጥራል፣ ከላይ ይተዋል፤ ሆኖም «አስተካካይ» መባሉን ማንም አይቃወምም። ስለዚህ ኢኳላይዘርን «የድምፅ አስተካካይ» ብንለው የ1928ቱን ሥራም የዛሬውንም በአንድ ቃል እንይዛለን። እንግሊዝኛው ራሱ ይህን ማድረግ አልቻለም፤ የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስሙን ከሥራው ጋር ለማገናኘት የስልክን ታሪክ ማወቅ ይኖርበታል። አንዳንድ ጊዜ «አቻ አድራጊ» ወይም «አመጣጣኝ» የሚል አማራጭ ይቀርባል። ሁለቱም ቃሉን ወደ ስልክ መስመሩ የሚመልሱ ናቸውና አንደግፋቸውም።

አስተካካዩ ግን የሚያስተካክለውን ነገር በስሙ መጥራት ይጠይቃል፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የድምፅን ድግግሞሽም ሆነ የድምፅን ጉልበት በከፍታና በዝቅታ ይገልጻል። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ቋንቋ ነው። «ድምፁን ከፍ አድርገው» ሲባል የሬዲዮውን ድምፅ ማጉላት መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ድግግሞሽን ለመግለጽ ግን አማርኛ ውፍረትንና ቅጥነትን ይጠቀማል፤ «ወፍራም ድምፅ»፣ «ቀጭን ድምፅ» እንላለን፤ ከዚህም አልፈን «ጎርናና»፣ «ሰላላ» እያልን እናስተነትናለን። የቤተ ክርስቲያንን ከበሮ ያየ ሰው ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻውም፤ ሰፊው ገጽ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ገጽ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለቱንም ግን ከፍ አድርጎም ዝቅ አድርጎም መምታት ይቻላል። ስለዚህ በአስተካካዩ ላይ ያሉት ክፍሎች «ወፍራም»፣ «መካከለኛ»ና «ቀጭን» ቢባሉ አማርኛ ከጥንት የያዘውን ልዩነት እንጠብቃለን። «ከፍተኛ ድግግሞሽ» የሚለው ለፊዚክስ መጽሐፍ ትክክል ነው፤ «ድግግሞሽ» የሚለው ቃል ተቆርጦ «ከፍተኛው» ብቻ በቀረ ጊዜ ግን አንባቢው እጁን ወደ ሌላ ቁልፍ ይሰዳል።

የኮምፕሬሰር ታሪክ ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1927 ኒው ዮርክና ለንደን በሬዲዮ ሞገድ የሚሄድ የስልክ አገልግሎት ተከፈተላቸው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚያልፈው ሞገድ ከአየሩ ጠባይ የሚመጣ ብዙ ጫጫታ ይቀላቀልበት ነበር። ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ጫጫታው አይሰማም፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን ቃሉ በጫጫታው ይዋጣል። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ በላኪው ጫፍ በጮክታና በሹክሹክታ መካከል ያለውን ርቀት ማጥበብ፣ በተቀባዩ ጫፍ ደግሞ ያንኑ ርቀት መልሶ ማስፋት ነበር። ማቲስና ራይት የተባሉት የቤል ሰዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲያስረዱ መሣሪያውን «ኮምፓንደር» ብለው ጠሩት፤ ስሙ «ኮምፕሬሰር»ንና «ኤክስፓንደር»ን በማዳቀል የተገኘ ነው። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። «ኮምፕሬስ» የተደረገው ነገር ድምፁ ሳይሆን የድምፁ ጉልበት የሚዘረጋበት ስፋት ነበር። በጊዜ ብዛት «ስፋት» የሚለው ተሳቢ ከእንግሊዝኛው ስም ወደቀና ግሡ ብቻውን ቀረ፤ የኛ ተርጓሚም የሚያገኘው ይህን ተሳቢ ያጣ ግሥ ነው።

ከስልኩ ቀጥሎ መሣሪያው ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1937 ዌስተርን ኤሌክትሪክ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ያወጣው 110ኤ ማጉያ ዘፋኝ ድንገት ሲጮኽ ማሰራጫው ከዐቅሙ በላይ እንዳይጫን የሚጠብቅ ነበር፤ ይህ የዘበኛ ሥራ ነው። በ1959 ፌርቻይልድ 670 የተባለው፣ 20 ቫልቭ ያለበት ከባድ መሣሪያ ሲወጣም የታሰበው በአመዛኙ ለሸክላ ቀረጻ ዘበኝነት ነበር። ዘበኛው ወደ ጌጥ ሠሪነት የተሻገረበትን አንድ ቀን መጥቀስ ይቻላል። በሚያዝያ 6 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. መቅጃ ክፍል ቢትልስ «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» የተባለውን ዘፈን መቅዳት ሲጀምሩ፣ ጄፍ ኤመሪክ የሪንጎ ስታርን ድራም የያዙትን ማይክሮፎኖች እጅግ አስጠጋ፤ በቤዝ ድራሙ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ጨመረ፤ ድምፁንም በፌርቻይልድ 660 በኩል አጥብቆ አሳለፈው። ውጤቱ ከዚያ በፊት በሸክላ ላይ ያልተሰማ ዐይነት ድራም ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1967፣ ቢል ፑትናም በትራንዚስተር የሚሠራውን 1176 አወጣ፤ ይህም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ሲቈጠር ከ20 እስከ 800 በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ምቱን መያዝ የሚችል ስለሆነ ለድራም ሥራ ተመራጭ ሆነ።

ድራም በዚህ መሣሪያ ሲያልፍ ለምን ትልቅ ሆኖ ይሰማል? የምቱ ጫፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ሁሉ በአንድነት ከፍ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ከምቱ በኋላ የሚቀረው ዝምዝምታ፣ የክፍሉ ገደል ማሚቶ፣ የስኔሩ ሽቦ መንቀጥቀጥ፣ ቀድሞ በጫፉ ጥላ ሥር የነበረው ሁሉ፣ ወደ ፊት ይወጣል። ስሙ ማሳነስን ቢያመለክትም ጆሮ የሚሰማው ግዝፈትን ነው። «መጭመቂያ» የሚለው አማርኛ ለዚህ ሥራ የማይስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ሎሚ ሲጨመቅ፣ ልብስ ሲጨመቅ፣ ከውስጡ የሚወጣ ነገር አለ፤ እዚህ ግን የሚወጣ የለም። «ማመቅ» የታመቀ አየርን ያስታውሰናል፤ «ኮምፕሬሰር» ብሎ እንዳለ መውሰድም ቢሆን ችግር አለው፤ ለጎማ ጠጋኙና ለማቀዝቀዣ ጠጋኙ ይህ ቃል ከጥንት ጀምሮ የራሱ ትርጉም አለውና። በዚህ ላይ የኮምፒዩተር ሰዎች ፋይል ማሳነስን በዚያው ስም ስለሚጠሩ፣ አንድ ቃል ሦስት የማይዛመዱ ሥራዎችን ተሸክሞ በአንድ ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የወደቀውን ተሳቢ መልሰን ብናየው መንገዱ ይቀላል። የሚደረገው ስፋትን ማጥበብ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው «አጥባቢ» ይሁን፤ ሙሉ ስሙ «የጉልበት ስፋት አጥባቢ»። የዚህ ስያሜ ፈተናው ተቃራኒው ነው፤ «ኤክስፓንደር» ያለ ምንም ድካም «አስፊ» ይሆናል፤ የ1934ቱ ጥንድ መሣሪያም «አጥባቢና አስፊ» ተብሎ ይገለጻል። «መጭመቂያ»ን ለወደደ ሰው ተቃራኒው ምን እንደሚሆን ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ጥምርታው እጅግ ከፍ ብሎ ምንም ነገር እንዳያልፍ የሚከለክለው ዐይነት ደግሞ «ገዳቢ» ቢባል ይበቃዋል።

የአጥባቢው ክፍሎች ስም ለቃላት አጥኚ ደስ የሚያሰኝ ነው። መሣሪያው ሥራ የሚጀምርበትን የጉልበት መጠን እንግሊዝኛው በቤት መግቢያ ወለል ስም ይጠራዋል። ግእዙ «መድረክ» ይለው ነበር፤ ይህ ቃል ግን በአማርኛ ወደ ትያትር ቤትና ወደ ስብሰባ አዳራሽ ስለሄደ ተመልሶ አይመጣም። «ደፍ» አለልን። ደፉን ያላለፈ ድምፅ አይነካም፤ ያለፈው በጥምርታው ልክ ይቀነሳል። ለምሳሌ ደፉን በ8 ዲሲቤል ያለፈ ምት ጥምርታው 4 ለ1 ከሆነ ከደፉ በላይ 2 ዲሲቤል ብቻ ይቀረዋል። መሣሪያው ምቱን ለመቀነስ የሚወስድበትን ጊዜ እንግሊዝኛው በውጊያ ቃል ይጠራዋል፤ «የማጥቂያ ጊዜ» ብሎ መተርጐም ግን ሳቅ ከማስነሣት አልፎ ሐሳቡን ይሰውራል። ፈረሰኛ ልጓም ይይዛል፣ ይለቃል፤ አጥባቢውም እንዲሁ ነውና «የመያዣ ጊዜ»ና «የመልቀቂያ ጊዜ» እንበል። ስኔር ላይ የመያዣው ጊዜ 30 ሚሊሰከንድ ቢሆን የዱላው ምት ሳይነካ ያልፋል፤ ልጓሙ የሚያርፈው በቀሪው ድምፅ ላይ ነው። 1 ሚሊሰከንድ ቢሆን ግን ራሱ ምቱ ይያዛል፤ ድራሙም ወደ ኋላ ያፈገፈገ ይመስላል። መልቀቂያው ከሚቀጥለው ምት በፊት ካልተጠናቀቀ ሁለተኛው ምት ልጓም እንደተያዘ ይገባል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ድራም እንምጣ። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤል.ኤም. 1 ከእውነተኛ ድራም የተቀዱ ናሙናዎችን የሚያጫውት የመጀመሪያው የድራም ማሽን ነበር፤ ሲምባል ግን አልነበረውም፤ ረጅሙን የሲምባል ድምፅ ለመያዝ የሚያስፈልገው ማስታወሻ በዚያን ጊዜ በጣም ውድ ነበርና። በ1983 ሚዲ የተባለው መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሥርዐት ሲወጣ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለ ቍጥር መጻፍ ጀመረ። የእስራኤሉ ዌቭስ ኩባንያ በ1992 ኪው10 የተባለውን ኢኳላይዘር በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ አድርጎ አወጣ። የጀርመኑ ስታይንበርግም ቪ.ኤስ.ቲ. የተባለውን ሥርዐት በ1996 ለአስተካካይና ለመሰሎቹ፣ በ1999 ደግሞ ለሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈተው። ከዚያ በኋላ በ2003 ቢ.ኤፍ.ዲ.፣ በ2006 ደግሞ የስዊድኑ ኢዚድራመር ወጡ። በእነዚህ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ድራም በተለያየ ጉልበት እየተመታ፣ በቅርብ፣ ከላይና በክፍሉ ጥግ በተቀመጡ ማይክሮፎኖች ተቀድቷል። ስለዚህ ገዢው የሚረከበው ገና ያልተዋሐደ ድምፅ ነው፤ አስተካካዩና አጥባቢውም እንደ 1966ቱ ሁሉ ሥራ ይጠብቃቸዋል።

ለነዚህ ተቀጥላ ፕሮግራሞች «ተሰኪ» የሚለው ስም ተገቢ ነው። ገመድ የለም፤ የሚሰካ ነገርም አይታይም፤ ቢሆንም በመቅጃ ክፍሎች የነበረው መሰኪያ ራሱ ከስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ የተወረሰ ስለሆነ፣ ቃሉ ያንኑ የዘር ሐረግ ይዞ ይቀጥላል። «ምናባዊ ድራም» በሚለው ግን አንስማማም። ምናባዊ የሚባለው በሐሳብ ብቻ ያለ ነው፤ ይህ ድራም ግን ቆዳም እንጨትም ነበረው፣ በሰው እጅም ተመትቷል። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን ሲመጣ መሠረቱ «ኀይል» ነው፤ በአካል ሳይገኝ በኀይሉ የሚሠራ ማለት ነው። ለዚህ ሐሳብ አማርኛ «እንደራሴ» የሚል ድንቅ ቃል አለው፤ ዳሩ ግን ቃሉ ከመንግሥት ሥራ ጋር በጣም ስለተቆራኘ «እንደራሴ ድራም» ያለ ሰው ምክር ቤት የሚያስገባው ይመስላል። ሥራውን በቀጥታ የሚናገረው «የናሙና ድራም» ይሻላል።

ስለ ማዋሐድም አንድ ቃል እንጨምር። በዘፈን አልበሞች ላይ «ቅንብር» ለሌላ ሙያ የተያዘ ስለሆነ «ሚክሲንግ» እንዳለ ሲጻፍ ይታያል። «መደባለቅ» ወይም «መቀላቀል» ቢባል ሐሳቡ ይበላሻል፤ የባለሙያው ድካም ቤዝ ድራሙ ከቤዝ ጊታሩ ጋር እንዳይደባለቅ ነውና። ሊቃውንቱ ተዋሕዶን ሲያስረዱ «ያለ ቱሳሔ» እንደሚሉ፣ ማለትም ያለ መቀላቀል፣ «ማዋሐድ» የሚለው ግሥ እያንዳንዱ የራሱን ጠባይ ሳይለቅ አንድ መሆንን ለመግለጽ የሠለጠነ ነው። ከነገረ መለኮት ወደ ድራም ማውረዱ የሚከብደው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ እኛ የተመለከትነው የግሡን ዐቅም ብቻ ነው።

የናሙና ድራም ለአጥባቢው ያመጣው አዲስ ጉዳይ አለ፤ ተርጓሚም ሊጠነቀቅበት ይገባል። ቀድሞ የተጫዋቹ ጉልበት የሚታወቀው ድምፁ ከተሰማ በኋላ ነበር። አሁን ጉልበቱ አስቀድሞ በቍጥር ተጽፏል፤ ስለዚህ ማጥበብ በሁለት ቦታ ሊፈጸም ይችላል። ባለሙያው ከ40 እስከ 127 የተበተኑትን ቍጥሮች ከ90 እስከ 110 ቢሰበስባቸው፣ ፕሮግራሙ ለለስላሳው ምት ሌላ ናሙና ይመርጣል፤ ምቱ ጠንክሮ የተመታ ድራም ጠባይ ይይዛል። በአጥባቢው ቢያጠብበው ግን ናሙናው ያው ነው፤ የሚለወጠው ጉልበቱ ብቻ ነው፤ ለስላሳው ምት ለስላሳ ጠባዩን እንደያዘ ከፍ ይላል። መመሪያዎች ሁለቱንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲጠሩ ይገኛሉ። በአማርኛ የመጀመሪያው «የምት ማጥበብ»፣ ሁለተኛው «የድምፅ ማጥበብ» ቢባል ልዩነቱ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ይሆናል። በዚህ ላይ አንዳንድ የናሙና ስብስቦች አምራቹ አስቀድሞ በአስተካካይና በአጥባቢ አሳልፏቸው የሚሸጡ ናቸው፤ ይህን ያላወቀ ሰው የጠበበውን ደግሞ ያጠብበዋል።

የሚቀረው እንግሊዝኛው «ጌት» የሚለው መሣሪያ ነው። ሥራው ከደፉ በታች ያለውን ድምፅ መዝጋት ሲሆን፣ ለስኔር የተተከለው ማይክሮፎን የሲምባሉን ድምፅ እንዳያሳልፍ ይጠቅማል። በናሙና ድራም አምራቹ ይህን ሾልኮ የሚገባ ድምፅ ለይቶ ስለሚያቀርብና ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ ስለሚጨምረው ወይም ስለሚያጠፋው፣ መሣሪያው ቀድሞ ያህል አያስፈልግም፤ ስሙ ግን ያስፈልጋል። «ደፍ»ን አስቀድመን ስለመረጥን «በር» ብንለው ሁለቱ ቃላት አንድ ቤት ይሆናሉ፤ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የመያዣውና የመልቀቂያው ጊዜ ግን እዚህ ላይ «የመክፈቻ ጊዜ»ና «የመዝጊያ ጊዜ» ተብለው መለወጥ ይኖርባቸዋል።